«እትዬ፣ እርስዎስ መቼ ነው የሚቆርቡት?»

(ጅማ ውስጥ በአንድ ሰንበት ትምህርት ቤት አዳራሽ፣ ለመጠመቅ ለተዘጋጁ ንዑሰ ክርስቲያንና ለክርስትና አባቶችና እናቶች ከተደረገ ንግግር የተጻፈ)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

እንደምን አመሻችሁ። በዚህ ዝናብ ሁላችሁም በመምጣታችሁ ደስ ብሎኛል። ቆርቆሮው ሲጮህ ድምፄ ካልደረሳችሁ እጃችሁን አውጡልኝ፤ ጮክ ብዬ እናገራለሁ። የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ፤ አንዴ ከጀመረ ቶሎ አይተውም።

እኔ መምህርት አይደለሁም። ስለ ምሥጢረ ጥምቀትና ስለ ምሥጢረ ቁርባን መምህሮቻችን ወራት ሙሉ አስተምረዋችኋል። አንዳንዶቻችሁ በአማርኛ፣ አንዳንዶቻችሁ በኦሮምኛ ተምራችኋል። እኔን የጠሩኝ ክርስትና እናት ስለሆንኩ ነው። አንዲት ልጅ አለችኝ። በ24 ዓመቷ ከውኃ ውስጥ የተቀበልኳት ልጅ።

ልነግራችሁ የመጣሁት አንድ ነገር ነው። የምትጠመቁበት ቀን የምትቆርቡበት ቀን ነው። ሁለቱን አትለያዩአቸው። በዚያ ቀንስ ሥርዓቱ ራሱ አንድ ላይ ይዟችሁ ይሄዳል። እኔ የምፈራላችሁ ከዚያ በኋላ ያለውን ዘመን ነው። ለምን እንደምፈራ ልንገራችሁ።

ልጅቷ ስሟን አልጠራም፤ የክርስትና ስሟንም አልነግራችሁም። በሌላ እምነት ቤት ያደገች ናት። መርካቶ አካባቢ ልብስ ስፌት ትሠራ ነበር። ከአንድ ዓመት በላይ ስትማር ቆይታ፣ አባታችን «ክርስትና እናት ሁኚላት» አሉኝ። እሺ አልኩ። እውነቱን ልናገር፣ ነገሩ ነጠላ ገዝቶ አጠገቧ መቆም መስሎኝ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ቤቴ ቡና አፍልቼ ተቀመጥን። እሷ በርጩማዋ ላይ ናት። ስለ ጾሙ ነገርኳት። «ከመቁረብሽ በፊት 18 ሰዓት እህልም ውኃም አይቀመስም» አልኳት። «ቡናም?» አለች። «ቡናም» አልኩ። ሳቅ አለች። «ጠዋት ቡና ካልጠጣሁ ራሴን ያመኛል ይሉ የለም እንዴ፣ እርስዎ እንዴት ይችሉታል?» አለችኝ። ዝም አልኩ። ለወሬ ያህል የጠየቀች መሰለኝ። ትንሽ ቆይታ ቀና ብላ አየችኝና «እትዬ፣ እርስዎስ መቼ ነው የሚቆርቡት?» አለች።

ጀበናው እጄ ላይ ነበር። ሲኒው ሞልቶ ረከቦቱ ላይ ሲፈስ ያየሁት እሷ «እትዬ፣ ፈሰሰ» ስትል ነው።

«እኔ ገና ነኝ» አልኩ። ያኔ 43 ዓመቴ ነበር።

ስድብ አልነበረም። ተንኮልም የለበትም። የተማረችውን ነው የጠየቀችኝ። ጥምቀት በር ነው፣ በሩ የሚያስገባው ወደ ማዕዱ ነው ተብላ ተምራለች። እና በሩን አልፋ የገባች ሴት ማዕዱ ፊት 30 ዓመት ሙሉ ቆማ ስታይ እንዴት አይገርማት?

የኔን ነገር ልንገራችሁ። እኔ በ80 ቀኔ ነው ክርስትና የተነሣሁት። እናቴ አዝላ ወስዳኝ፣ ያኔውኑ ሥጋ ወደሙ ተቀብያለሁ። ከዚያ በኋላም ልጅ እያለሁ ከሰፈር ልጆች ጋር ነጠላ ለብሰን ተሰልፈን እንቀበል ነበር። 11 ወይም 12 ዓመት ሲሞላኝ ቀረሁ። ማንም ተዪ አላለኝም። ማንም ደግሞ ለምን ቀረሽ አላለኝም። እንዲሁ ልጅነት ሲያልቅ ቁርባኑም አብሮ ያለቀ መሰለኝ። ትምህርት፣ ሥራ፣ ትዳር መጣ። በየሰንበቱ አስቀድሳለሁ፤ እጾማለሁ፤ የወር ማኅበር አለኝ። ቁርባን ሲነሣ ግን «እሱ ለሽማግሌ ነው» እላለሁ። ይህን ቃል ስንቶቻችን ብለነዋል?

የሚመጣው እሑድ አንድ ነገር አስተውሉ። ሥጋ ወደሙ ሲወጣ፣ ቃጭሉ ሲሰማ፣ ማን ወደፊት እንደሚሄድ እዩ። የታቀፉ ሕፃናት ይሄዳሉ። ትንንሽ ልጆች ይሄዳሉ። ምርኩዝ የያዙ እናቶች ይሄዳሉ። መሃል ያለነው፣ ጉልበት ያለን፣ ፈተናው የበዛብን፣ ምግቡ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገን፣ አንገታችንን ደፍተን ቦታችን ላይ እንቀራለን። ይህን ሳየው ያመኛል። ለዓመታት እዚያው ውስጥ ስለቆምኩበት ይበልጥ ያመኛል።

እናንተ ከውጭ የመጣችሁ፣ ይህን ልማድ ከእኛ እንዳትማሩብን እለምናችኋለሁ።

ቅዳሴ ላይ ዲያቆኑ «ፃኡ ንዑሰ ክርስቲያን» ሲል ሰምታችኋል አይደል? ንዑሰ ክርስቲያን፣ ገና በትምህርት ላይ ያላችሁ፣ ውጡ ማለት ነው። ለእናንተ የተባለ ቃል ነው። በጥንት ጊዜ ይህ ሲባል ሰዎቹ በእርግጥም ይወጡ ነበር፤ በሩም ይዘጋ ነበር። ሰማዕቱ ዮስጢኖስ በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለሮም ንጉሥ ሲጽፍ፣ ያላመነና ያልተጠመቀ ሰው ከዚህ ማዕድ እንደማይካፈል ነግሮታል። የኢየሩሳሌሙ ቄርሎስ ደግሞ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ አዲስ ክርስቲያኖችን ስለ ቁርባኑ በዝርዝር ያስተማራቸው ከተጠመቁና ከቆረቡ በኋላ፣ በትንሣኤ ሳምንት ነው። አስቀድመው ይቅመሱት፣ ከዚያ ይብራራላቸው ማለቱ ነው።

ሲኖዶስ በሚባለው የሥርዓት መጽሐፋችን ውስጥ ያለው የሐዋርያት ሥርዓት ንዑሰ ክርስቲያን 3 ዓመት ይማር ይላል። ግን ተግቶ የሚማር ከሆነ ዘመኑ አይቆጠርበትም፤ ጠባዩ ይታያል እንጂ። 3 ዓመት! 3 ዓመት ሙሉ በር ላይ መቆም፣ «ውጡ» ሲባል መውጣት። አሁን ያ ሰው በመጨረሻ በሩ ሲከፈትለት ምን የሚሰማው ይመስላችኋል? ገብቶ ቆሞ ይቀራል? በዚያው ሥርዓት ውስጥ አንድ በጣም የምወደው ነገር አለ። አዲስ የተጠመቁት በመጀመሪያው ቁርባናቸው ወተትና ማር የተቀላቀለበት ጽዋ ይሰጣቸው ነበር። ለአባቶች ቃል የተገባችው ማርና ወተት የምታፈሰው ምድር ደረሳችሁ ሲሏቸው ነው። እኛ የማር አገር ሰዎች ነን፤ የጫካ ማር ጠረኑ ምን እንደሚመስል ለጅማ ሰው አይነገርም። ያን ጽዋ ሳስበው አፌ ላይ ይመጣል።

የኢትዮጵያዊውን ጃንደረባ ታሪክ በቃላችሁ ታውቁታላችሁ፤ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ነው። ሠረገላው ላይ ሆኖ ኢሳይያስን እያነበበ፣ ውኃ ሲያይ «እነሆ ውኃ፤ እንዳልጠመቅ የሚከለክለኝ ምንድር ነው?» አለ። የሱን ጥያቄ እኛ የቆየነው ክርስቲያኖች ለቁርባን ብንጠይቀው መልካም ነበር። ምንድን ነው የሚከለክለኝ? አብዛኞቻችን ተቀምጠን መልሱን ፈልገን አናውቅም። ምዕራፍ 2 ላይም እዩት፤ 3,000 ያህል ሰዎች በአንድ ቀን ተጠመቁ፣ ቀጥሎ ያለው ቁጥር እንጀራውን በመቁረስ ይተጉ ነበር ይላል። መጠመቁ በአንድ ቀን ሆነ። መቁረሱ ላይ ግን «ይተጉ ነበር» ነው የሚለው።

አሁን ወደዚያ ሌሊት ልውሰዳችሁ፤ የሚጠብቃችሁን እንድታውቁት።

ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነበር። ሲዘንብ አድሮ አስፋልቱ ያብለጨልጫል። ባጃጁ ውስጥ ሁለታችንም አልተነጋገርንም። ቅያሪ ልብሷን በፌስታል ጉልበቷ ላይ ይዛለች። ቤተ ክርስቲያን ስንደርስ ከሷ ሌላ ሁለት ሕፃናት ነበሩ፤ አንዱ ወንድ የ40 ቀን፣ አንዷ ሴት የ80 ቀን። ትልቅ ሰው እሷ ብቻ ናት።

መጀመሪያ ወደ ምዕራብ አዞሯት። ያ ወገን ገና ጨለማ ነበር። እጇን ዘርግታ ሰይጣንን፣ ሥራውን ሁሉ እክዳለሁ አለች። ስለ ሕፃናቱ የሚናገሩት ክርስትና አባትና እናታቸው ናቸው። እሷ በራሷ አፍ ተናገረች። ድምፅዋ ትንሽ ተንቀጠቀጠ፤ ቃሉ ግን አንዱም አልተዋጠም። ከዚያ ወደ ምሥራቅ አዞሯት፣ በክርስቶስ አምናለሁ አለች። እኔ ለራሴ ይህን ቃል አንድም ቀን ብዬው አላውቅም። በ80 ቀኔ ክርስትና እናቴ ናት ያለችልኝ። እዚያ ቆሜ፣ በጨለማው፣ በከንፈሬ አብሬያት አልኩት።

ውኃው ቀዝቃዛ ነው፤ አልዋሻችሁም። በአብ፣ በወልድ፣ በመንፈስ ቅዱስ ስም 3 ጊዜ ገብታ ወጣች። ጌታ በመቃብር 3 ቀን የማደሩ ምሳሌ ነው፤ ጳውሎስ ሮሜ 6 ላይ ከእርሱ ጋር ተቀበርን የሚለው ይህን ነው። በ3ኛው ስትወጣ የያዘችው የኔን አንጓ ነበር። ጥፍሯ የቀረጸው ምልክት እስከ ማታ አልጠፋም። አልቅሳ ይሁን ውኃው ይሁን ፊቷ ላይ ያለው፣ መለየት አልቻልኩም።

ከዚያ ቅብዐ ሜሮን ተቀባች። ካህኑ የሚያትሙት 36 ቦታ ነው። ግንባር፣ ዓይን፣ ጆሮ፣ አፍ፣ እያለ እስከ እግር ይወርዳል። ጠረኑ ነጠላዋ ላይ ለቀናት ቆይቷል። ማዕተቡ አንገቷ ላይ ታሰረ። ስለ ማዕተብ አንድ ነገር ልበል። ቋንቋችን «ማተብ ያለው ሰው» ሲል የሚታመን፣ የሰው የማይነካ፣ ቃሉን የማያጥፍ ሰው ማለቱ ነው። ሚዛን ላይ የሚያጭበረብር ነጋዴን «ማተብ የለህም?» እንለዋለን። እናንተ ማዕተቡን አስራችሁ ወደ ሥራችሁ፣ ወደ ሰፈራችሁ፣ ወደ ቤተሰቦቻችሁ ትመለሳላችሁ። እምነታችሁን ያልተካፈሉ እናትና አባት ያሏችሁ አላችሁ። ከእምነታችሁ በፊት የሚያዩት ጠባያችሁን ነው። አክብሯቸው፤ ጠይቋቸው፤ አትቅሩባቸው።

ቅዳሴው ገባ። «ፃኡ ንዑሰ ክርስቲያን» ሲባል ልጄ ከልማድ የተነሣ አንድ እርምጃ ወደ በሩ አለች። እጇን ያዝኳት። «አንቺን አይደለም፤ ከእንግዲህ አንቺን አይደለም» አልኳት። ይህን ስነግራችሁ አሁንም ጉሮሮዬ ይታነቃል።

ካህኑ «ቅድሳት ለቅዱሳን» አሉ። ካህኑ «ቅድሳት ለቅዱሳን» አሉ። መጋረጃው ተከፈተ። ነጠላዋን ይዤ እስከ ሰልፉ አደረስኳት። ሁለቱ ሕፃናት ተቀበሉ፤ እሷ ተቀበለች። አፏን በነጠላዋ ሸፍና ስትመለስ እኔ ግድግዳው ጋ ቆሜ ነበር። በዚያ ቀን እኔ አልቆረብኩም። ልጄን በር አስገብቼ እኔ ደጅ የቀረሁ ያህል ነው የተሰማኝ።

በሳምንቱ ንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። ቀኖና ሰጡኝ፤ ፈጸምኩ። ከባለቤቴም ጋር ረጅም ንግግር ነበረን፤ እሱ የሁለታችን ነውና እዚህ አልዘረዝረውም። ከአራት ወር በኋላ ቆረብኩ። ቅዳሜ 9 ሰዓት ላይ ልጄ ደውላ «እትዬ፣ ጀበናውን አነሱት?» አለችኝ። «አነሣሁት» አልኳት። እሷም አብራኝ ጾማ አብረን ቆረብን።

አንዳንድ የጠየቃችሁኝን ልመልስ።

«ጣዕሙ ምን ይመስላል?» ያላችሁኝ አላችሁ። አትፈሩ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ኅብስቱ ከስንዴ ነው፤ ቤተ ልሔም በሚባለው የኅብስቱ ቤት ውስጥ በዕለቱ ይጋገራል። ወይኑ ዘቢብ በውኃ ተዘፍዝፎ፣ ተጨምቆ የሚገኝ ነው። ከጸሎቱ በኋላ ግን የጌታ ሥጋና ደም ነው። እንደ ምሳሌ ብቻ የምናየው አይደለም። «የሰውን ልጅ ሥጋ ካልበላችሁ ደሙንም ካልጠጣችሁ በራሳችሁ ሕይወት የላችሁም» ያለው እሱ ራሱ ነው፤ ዮሐንስ 6።

«ጥር 11 ጥምቀት ላይ ስንረጭ እንደገና መጠመቃችን ነው?» አይደለም። ያ የጌታን መጠመቅ የምናስብበት በዓል ነው፤ ጸበሉ በረከት ነው። ጥምቀት አንዲት ናት፤ በጸሎተ ሃይማኖት በየቀኑ የምንለው ነው። አትደገምም።

ዋናው ጥያቄ ይህ ነው። «ከቆረብኩ በኋላ ብወድቅስ?» እኔንም 30 ዓመት ያስቀረኝ ይኸው ነው። ሰው የሚቀርበት የመጀመሪያው ምክንያት ቅድስናውን ማክበሩ ይመስላል። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። አሁን ሳየው ግን ንስሐ መግባት ስላልፈለግኩ ነበር የዘገየሁት። ጳውሎስ 1ኛ ቆሮንቶስ 11 ላይ ሳይገባው የሚበላ ዕዳ አለበት ብሎ ያስፈራናል፤ እውነት ነው፣ ልንፈራ ይገባል። ግን ቀጥሎ ያለውን ስንቶቻችን አንብበነዋል? «ሰው ግን ራሱን ይፈትን፥ እንዲሁም ከእንጀራው ይብላ» ይላል። ይፈትንና ይቅር አላለም። ይፈትንና ይብላ ነው ያለው። ብትወድቁ ንስሐ አባት አላችሁ። ጥምቀት አንዴ ነው፣ ንስሐ ግን ሁልጊዜ አለ፣ ቁርባንም ሁልጊዜ አለ። የታመመ ሰው «ሲሻለኝ መድኃኒት እወስዳለሁ» አይልም።

ክርስትና አባቶችና እናቶች፣ ለእናንተም። ልጆቻችሁ ይጠይቋችኋል። ከመጠየቃቸው በፊት ንስሐ አባታችሁን አነጋግሩ። እኔ ሲኒ ያፈሰስኩበት ጊዜ ይብቃን። የተጣላችሁት ሰው ካለ በዚህ ሳምንት ታረቁ፤ መባህን ትተህ አስቀድመህ ከወንድምህ ጋር ታረቅ የተባለው ለዚሁ ነው። የክርስትና ልጅ ክርስትና እናቷ ከጎረቤቷ ጋር እንደማትነጋገር ካወቀች ምኑን ተማረችው?

ሰዓቱ መሽቷል። የእሑዱን ነገር ልናገርና ልጨርስ።

ጠዋት 3 ሰዓት ገደማ ትቀበላላችሁ ብላችሁ አስቡ። 18 ሰዓቱን ወደ ኋላ ቁጠሩት፤ ቅዳሜ 9 ሰዓት ይመጣል። ከዚያ በኋላ ውኃም የለም። ቡና የለመዳችሁ፣ ከዛሬ ጀምራችሁ ቀንሱ፤ በአንድ ጊዜ ስታቆሙት ነው ራስ የሚያመው። የስኳር ሕመም ያለባችሁ፣ መድኃኒት የምትወስዱ፣ ነፍሰ ጡሮችና አራሶች፣ በራሳችሁ አትወስኑ። ሐኪማችሁንም ንስሐ አባታችሁንም ጠይቁ። አባቶቻችን እንዲህ ላለው ነገር መላ አላቸው።

ከሌሊቱ 10 ሰዓት እዚህ በር ላይ እንገናኝ። ባጃጅ ከአሁኑ ተነጋገሩ፤ በዚያ ሰዓት መንገድ ላይ አይገኝም። ነጭ ልብስ፣ ነጠላ፣ ፎጣ፣ ሙሉ ቅያሪ፣ ወፍራም ሹራብ ያዙ። ክርስትና እናቶች ደረቅ ጋቢ በእጃችሁ ይኑር፤ ስትወጣ ወዲያው የምታለብሷት። ከቆረባችሁ በኋላ ውኃውን ጠጡ፣ አትትፉ፣ በባዶ እግር አትሂዱ። ወደ ሥራ አትሩጡ፤ ዕለቱን አርፉበት። ምሳ እኔ ቤት ነው፣ ሁላችሁም። ልጄ ዶሮ እየሠራች ነው፤ ጀበናውም ያኔ ይጣዳል።